ለትምህርት ክፍል ወለል የትኛው ምንጣፍ ይሻላል?

ትምህርት ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ኮሚቴ ሁሉ ስለ ጣራውና ስለ ግድግዳው አብዝቶ ይመክራል፤ ስለ መስኮቱና ስለ ጥቁር ሰሌዳውም ይከራከራል። ስለ ወለሉ የሚነጋገረው ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ፥ ገንዘቡ ካለቀና ሰዉም ከደከመ በኋላ ነው። ነገር ግን ሕፃናት የሚቀመጡት፥ የሚጫወቱት፥ የሚወድቁት፥ የወደቀውንም እርሳስ አንሥተው ወደ አፋቸው የሚያገቡት በወለሉ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የትምህርት ክፍልን ወለል፥ ይልቁንም የምንጣፉን ነገር ለመግለጥ አስበናል።

በሆሳዕናና በሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች፥ በዱራሜ፥ በሾኔ፥ በአንጋጫ፥ በሺንሺቾና በዶዮገና ጭምር፥ የአጸደ ሕፃናት ክፍሎች ተከፍተዋል። ወላጆች ገንዘብ ሲያዋጡ፥ ወይም በደቡብ አፍሪቃና በሌላም አገር የሚሠሩ የአገሩ ልጆች ርዳታ ሲልኩ፥ «ለሕፃናቱ ምንጣፍ እናንጥፍላቸው» የሚል አሳብ ይነሣል። ይህ አሳብ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ምንጣፍ ገዝቶ ማንጠፍ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፥ የተነጠፈውን በንጽሕና መጠበቅ የዓመታት ሥራ ነው። ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባውም ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

ምንጣፍ የሚመሰገንበት ምክንያት

ከሁሉ አስቀድመን የምንጣፍን ጥቅም ሳንሸሽግ እንናገር። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የዶዮገናም ደጋ ብርዱ የታወቀ ነው። በክረምት ጧት በባዶ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ የአራት ዓመት ሕፃን ይበርደዋል። ምንጣፍ ብርድን ይከላከላል፤ ሕፃኑ ሲወድቅም ጕዳቱን ያቀልለታል። የእግርንና የወንበርን ኮቴ ስለሚያፍንም የመምህሩ ድምፅ በተሻለ ይሰማል።

ነገር ግን በዚህ በመጨረሻው ጥቅም ላይ አንድ ማስተዋል ያስፈልጋል። በእኛ ክፍሎች ውስጥ የመምህሩን ድምፅ አብዝቶ የሚውጠው የእግር ኮቴ ሳይሆን በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ይህንን ምንጣፍ አያስታግሠውም፤ የሚያስታግሠው ኮርኒስ ነው። ስለዚህ ስለ ጫጫታ ብሎ ምንጣፍ ለመግዛት ያሰበ ኮሚቴ በዚያው ገንዘብ ኮርኒስ ቢያሠራ የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

የራሳችን ስሕተት

ይህን ምክር የምንሰጠው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። በውጭ አገር ትምህርታችንን ጨርሰን ከተመለስን ጥቂት ጊዜ በኋላ፥ ስሟን መጥቀስ የማያስፈልግ አንዲት ትንሽ አጸደ ሕፃናት ምክር ጠየቀችን። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚነጠፍ ሞኬት በስጦታ ሊሰጣት ነበር። እኛም በተማርንበት አገር የሕፃናቱ ክፍል ሁሉ ምንጣፍ ለብሶ ስላየን፥ ብዙም ሳንመረምር «እጅግ መልካም ነው» ብለን መለስን። ሞኬቱም በማጣበቂያ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ተነጠፈ፤ ወላጆችም መጥተው እያዩ ተደሰቱ።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቷ ተዘጋች። በአንድ በተሰበረ መስኮት ዝናብ እየገባ የሞኬቱን ጠርዝ አራሰው። የዘበኛውም ውሻ ከብርድ ሸሽቶ በዚያ ያድር ነበር። በመስከረም ክፍሉ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ተቀበለን፤ ሕፃናቱ በገቡ በሁለተኛው ቀንም እግራቸው በቁንጫ ንክሻ ቀላ። አስም የነበረባት አንዲት ሕፃን ትንፋሽ እያጠራት ሦስት ሳምንት ከትምህርቷ ቀረች። እናቷ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥታ፥ «ዶክቶር፥ እርስዎ መልካም ነው ያሉት ምንጣፍ ይህ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ዶክቶር አለመሆናችንን ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም፤ ለጥያቄዋም መልስ አልነበረንም።

ስሕተታችንን በኋላ ስናስበው ግልጽ ሆነልን። በውጭ አገር ምንጣፉን አየን እንጂ ከምንጣፉ ጋር አብሮ የሚሄደውን ሥራ አላየንም። በዚያ ሠራተኛው በየማታው አቧራ በሚስብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ምንጣፉን ይጠርጋል። ሕፃናቱ የውጭ ጫማቸውን በደጃፍ አውልቀው የቤት ጫማ ያደርጋሉ። ክፍሉ በማሞቂያ ይደርቃል፤ እንስሳም አይገባበትም። ከእነዚህ ከአራቱ ነገሮች በእኛ ትምህርት ቤት አንዱ እንኳ አልነበረም።

በምንጣፍ ውስጥ የሚኖረው ምንድር ነው?

ቁንጫ የሚኖረው በእንስሳ ገላ ላይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ወይም ከድመቷ ፀጕር ረግፎ ከወለል ይወድቃል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል መሰል ዕጭ ከብርሃን ሸሽቶ ወደ ምንጣፉ ሥር፥ ወይም ወደ ወለሉ ስንጥቅ ይገባል፤ በዚያም ያገኘውን ጥቃቅን ጕድፍ እየተመገበ ያድጋል። ከዚያም ራሱን በድር ጠቅልሎ ይሸሸጋል። በዚህ ሽሽግ ውስጥ ሳለ ለሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት፥ ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል። እንዲወጣ የሚቀሰቅሰው የእግር ንዝረት፥ የገላ ሙቀትና የሚተነፈስ አየር ነው። ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የቆየ ክፍል በመስከረም ሲከፈት ሕፃናቱ በአንድ ጊዜ የሚነከሱበት ምክንያት ይኸው ነው። የቁንጫውን ትውልድ ከድሩ የጠራው የራሳቸው ሩጫ ነው።

ሁለተኛው ነዋሪ በዐይን የማይታይ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆን የአቧራ ተሐዋስ፥ ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቅርፊት እየተመገበ በምንጣፍ፥ በፍራሽና በትራስ ውስጥ ይኖራል። እርጥበት ይስማማዋል። እርሱ ራሱ አይናከስም፤ ነገር ግን ኵሱ ከአቧራ ጋር ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሲገባ አንዳንዱን ሰው ያስነጥሰዋል፥ አስም ያለበትንም ትንፋሽ ያሳጥረዋል። እርጥብ ምንጣፍ የሚያበቅለው ሻጋታም እንዲሁ ያደርጋል።

የዐፈር ወለልስ?

ይህን ያነበበ ሰው፥ «እንግዲያውስ ምንጣፍ ቀርቶ ወለሉ ባዶውን ይሁን» ይል ይሆናል። ወለሉ ዐፈር ከሆነ ግን አደጋው ይብሳል።

ሙጀሌ የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። ይህች ከአንድ ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ቁንጫ ጥንት በአፍሪቃ አልነበረችም፤ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1872 ከብራዚል የተነሣ አንድ መርከብ ለክብደት ከጫነው አሸዋ ጋር ወደ አንጎላ ጠረፍ አመጣት፤ በጥቂት ዐሥርት ዓመታትም አህጉሩን አቋርጣ እስከ ምሥራቅ አፍሪቃ ደረሰች። ታሪኩ አንድ ነገር ያስተምረናል። ባሕር ያሻገራት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዛሬም በአገራችን የምታሳድጋት ማደሪያ ደረቅ የዐፈር ወለል ነው። ሴቲቱ ከእግር ቆዳ ውስጥ ገብታ እስከ አተር ፍሬ ታክል ታብጣለች። እንቁላሏም ወደ መሬት ይረግፋል፤ በአቧራው ውስጥ ተፈልፍሎም በጥቂት ሳምንታት ሌላ ሙጀሌ ይሆናል። ብዙ ሙጀሌ የገባበት ሕፃን በተረከዙ እየሄደ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሌሊትም ማሳከኩ እንቅልፍ ስለሚነሣው በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። መምህሩም ሰነፍ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ለብዙ ዓመታት ከባዶ እግር ጋር የተገናኘ ቀይ ዐፈር ሌላም ጕዳት አለው። በጎረቤታችን በወላይታና በሌሎችም የአገራችን ደጋማ ቦታዎች የሚታየው የእግር እብጠት፥ ዝሆኔ የሚባለው፥ ከትል የሚመጣ ይመስል ነበር። ዶክቶር ኤርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር፥ የዚህ ዓይነቱ ዝሆኔ ምክንያት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ዐፈር መሆኑን ገለጡ። ረቂቅ የዐፈር ቅንጣት በቆዳ አልፎ ወደ እግር ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ቀስ በቀስ ቍስለት ያስነሣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በጫማ፥ እግርን በመታጠብና ወለልን በመሸፈን ይከለከላል። እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጅ እግር ዛሬ ከዐፈር ቢጠበቅ፥ የሚጠቀመው በሠላሳ ዓመቱ ነው።

ወለልን በእበት መለቅለቅ የአባቶቻችን ብልሃት ነው፤ አቧራውን ለጥቂት ቀን ያስቀምጠዋል። ሆኖም የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ ዘር በእንስሳት ፋንድያና እበት ውስጥ ስለሚገኝ፥ ጕልበታቸው በየቀኑ ለሚላጥ ሕፃናት ወለል እበት አይመረጥም።

አራት ጥያቄዎች

ኮሚቴው ማናቸውንም የወለል ልብስ ከመግዛቱ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይጠይቅ።

1ኛ፤ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣልን?
2ኛ፤ በውኃና በሳሙና ይታጠባልን?
3ኛ፤ ከታጠበ በኋላ በአንድ የፀሐይ ቀን ይደርቃልን?
4ኛ፤ የሚያጸዳው ሰው ማን ነው? በምንስ መሣሪያ ያጸዳዋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በበዓል ቀን በቤታችን የምንጐዘጕዘው ቄጠማ ሲጠወልግ ተጠርጎ ይወጣል፤ ሰሌኑና ጅባውም ወጥቶ በእንጨት እየተመታ ይራገፋል። በያሆዴና በመሳላ ሰሞን ቤቱ ሁሉ ሲጸዳ ከሥፍራው የማይነሣ ምንጣፍ የለም። ምንጣፍ ከተነጠፈ በኋላ የማይነሣ መሆኑ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ከአራቱ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ መልስ ያላገኘ ምንጣፍ፥ ስጦታም ቢሆን፥ ለሕፃናት ክፍል አይስማማም።

ስለ ልዩ ልዩ ዓይነቶች

ሞኬት። በማጣበቂያ የተነጠፈ ሞኬት አይነሣም፥ አይታጠብም፥ ቢርስም ቶሎ አይደርቅም። ለትምህርት ክፍል አንመክረውም።

ስጋጃ። ፀጕሩ አጭር፥ መጠኑም ሁለት ሰዎች ሊያነሡት የሚችሉት ከሆነ ለተረት መስሚያና ለጨዋታ ማዕዘን ያገለግላል። ፀጕሩ ረጅም የሆነው ግን አቧራውን ስለሚደብቅ ይቅር።

ፕላስቲክ ምንጣፍ። በእርጥብ ጨርቅ ስለሚወለወል ለማጽዳት እጅግ ቀላል ነው። ነገር ግን በእርጥብ ዐፈር ላይ ቢነጠፍ ከሥሩ ይሻግታል፤ ጠርዙ ሲቀደድም ሕፃናትን ያደናቅፋል፥ ቀዳዳውም የቁንጫ መሸሸጊያ ይሆናል። ስለዚህ መነጠፍ ያለበት በደረቀና በተስተካከለ ጠንካራ ወለል ላይ ነው። ሲርስ እንደሚያዳልጥም አይዘንጋ።

ሰሌንና ጅባ። በአገራችን እጅ የሚሠሩ፥ ዋጋቸው ቀላል የሆነ፥ አንድ መምህር ብቻውን ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣቸው የሚችል ምንጣፎች ናቸው። አቧራ በሽመናቸው መካከል ስለሚያልፍ በየቀኑ ተነሥተው ከሥራቸው መጠረግ አለበት፤ ሲሰበሩና ሲበጣጠሱም በአዲስ ይለወጡ።

ሲሚንቶ ሊሾ። ይህ ምንጣፍ አይደለም፤ ነገር ግን የምንጣፍ ሁሉ መሠረት ነው። ስንጥቅ የሌለው ሊሾ ለሙጀሌና ለቁንጫ ዕጭ ማደሪያ አይሰጥም፤ በውኃም ይታጠባል። ጕድለቱ መቀዝቀዙ ነው፤ ይህንንም የሚነሣ ምንጣፍ ያስተካክለዋል።

ስሌቱን በምሳሌ እናሳይ። ወርዱ 7 ሜትር፥ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ 56 ካሬ ሜትር ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለማልበስ 56 ካሬ ሜትር ሞኬት ይፈልጋል። በዚህ ወለል ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ለማፍሰስ ግን 2.8 ሜትር ኩብ ይበቃል። ከዚያም በላይ ወርዳቸው 2፥ ርዝመታቸው 3 ሜትር የሆኑ አራት ምንጣፎች ቢነጠፉ 24 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ፤ ይኸውም ከወለሉ እኩሌታ ያነሰ ነው። ሞኬቱ በጥቂት ዓመት ያረጃል፤ በደንብ የተሠራ ሊሾ ግን ዛሬ በላዩ የተቀመጠው ሕፃን አድጎ የራሱን ልጅ ይዞ ሲመጣ ሊቆየው ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፥ ሊሾው ይቅደም፥ ምንጣፉ ይከተል።

ሲሚንቶ እስኪገኝ ድረስ

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ሊሾ የነገ ተስፋ መሆኑን እናውቃለን። እስከዚያው ድረስ ግን ያለ ገንዘብ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

ሀ) የዐፈሩ ወለል ተስተካክሎና እርጥብ ሳለ ተጠቅጥቆ ይጠንክር፤ የተሰነጠቀውም በጭቃ ይመረግ።

ለ) ከመጥረግ በፊት ውኃ ይርከፍከፍ። ደረቅ ወለል መጥረግ አቧራውን ከመሬት ወደ ሕፃናቱ ሳንባ ማዛወር ነው። ጠረጋውም ልጆች ከወጡ በኋላ፥ መስኮት ተከፍቶ ይሁን።

ሐ) ውሻ፥ ፍየልና ዶሮ ከክፍሉ እንዲርቁ በሩ ይዘጋ፤ ይልቁንም በዕረፍት ወራት። የተሰበረ መስኮት ከሰኔ በፊት ይጠገን።

መ) ምንጣፍ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ወጥቶ ይራገፍ፥ ፀሐይም ይሙቀው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደርቆ፥ ተጠቅልሎ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከመከፈቱ አንድ ሳምንት በፊትም ክፍሉ ተከፍቶ ይጠረግ፥ ይታጠብም።

ሠ) ለቁንጫ ተብሎ የእርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒት በሕፃናት ክፍል አይረጭ። ሕፃናት በወለሉ ላይ ይዳሰሳሉ፥ እጃቸውንም ይልሳሉ፤ ቁንጫውን የገደለው መርዝ ለእነርሱም መርዝ ነው።

ረ) ሙጀሌ የገባበት ልጅ በአንድ መርፌ ወይም እሾህ ከሌላው ጋር እየተፈራረቀ አይውጣለት፤ ደም ለደም የሚተላለፍ በሽታና የመንጋጋ ቈልፍ ይከተላል። ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በዛሬው ጊዜ ዲሜቲኮን የሚባል ቅባት ሲቀባ ሙጀሌዋ ሳትነቀል እዚያው እንደምትሞት ታውቋል።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቻችን በየቤቱ እየዞሩ ስለ ንጽሕና አስተምረዋል። እናቶችም ሰምተው ቤታቸውን አሳምረዋል። ሕፃኑ ከተጠረገ ቤት ወጥቶ አቧራ በሞላበት ክፍል ቢውል፥ የእናቲቱ ድካም በከንቱ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ከቤቷ ሊያንስ አይገባውም።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ያን ሞኬት በአንድ ቀን ተቻኵለን አስነጠፍነው፤ ከወለሉ ላይ በቢላዋ እየላጥን ለማንሣት ግን ከመምህራኑና ከወላጆቹ ጋር ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ዛሬ በዚያች አጸደ ሕፃናት ወለሉ ሊሾ ነው፤ በላዩም አራት ጅባዎች አሉ። ያቺም ሕፃን ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው አራቱ ጅባዎች ባጥሩ ላይ ተሰጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ያያል።